ሲምፎኒ በርካሽ ከየት ይውረድ?

ባለፈው እትም ስለ ሲምፎኒ አደማመጥ ከጻፍኩ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። "እሺ እንስማ፤ ግን ከየት እናምጣው? በስንት?" ነው ነገሩ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የገበያ ዓምድ ነው። ወሬው ስለ ዋጋ፣ ስለ ሜጋባይትና ስለ ካርድ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትገዙም የምታገኙት እሱን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ብዙ ዓመት የሠራሁት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሸክላ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሸክላውን ከማስቀመጣችን በፊት ሽፋኑን እናነባለን። ማን ደረሰው? ማን ተጫወተው? ማን መራው? መቼና የት ተቀዳ? ዛሬ ሽፋኑ ጠፍቶ ፋይል ብቻ ቀርቷል፣ ጥያቄዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። ከታች ደጋግሜ ወደዚህ ስመለስ አትሰልቹኝ።

"ሰላም ጋሼ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ክላርኔት እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ አራቱንም የብራምስ ሲምፎኒዎች ስማ ብሎኛል። የውጭ ካርድ የለኝም። ዳታም እንደሚያውቁት ነው። በነጻ፣ ግን ሕጋዊ ሆኖ የሚወርድ ይኖራል? ኤምፒስሪ ነው ፍላክ የሚሻለኝ?"
— ክላርኔቲስቱ፣ ሐዋሳ

አለ። አስተማሪህ ብራምስን መምረጡም ጠቅሞሃል፤ አራቱም በነጻ ይገኛሉ።

ሙስኦፕን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ፤ በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ነው። ሰዎቹ በ2010 ኪክስታርተር ላይ ወጥተው ከሕዝብ ገንዘብ ለመኑ። የጠየቁት 11,000 ዶላር ነበር። የተዋጣላቸው ከ68,000 በላይ ሆነ። በዚያ ገንዘብ የቼክ ናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ቀጥረው አስቀዱ። አራቱ የብራምስ ሲምፎኒዎች እዚያ ውስጥ አሉ። የቤትሆቨን 3ኛም፣ ኤሮይካ የሚባለው፣ አለበት። ከዚያ መብቱን ሁሉ ትተው ለሕዝብ ለቀቁት። ታወርዳለህ፣ ለጓደኛህ በፍላሽ ትሰጣለህ፣ ማንም ምንም አይልህም።

በራሱ በሙስኦፕን ገጽ ላይ ካልከፈልክ በቀን የምታወርደው ጥቂት ፋይል ብቻ ነው። ቀስ እያልክ አውርድ። ካልሆነም ያው ስብስብ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ተቀምጧል። ቅጂው እንደ በርሊን ወይም እንደ ቪየና ፊልሃርሞኒክ ያንዘፈዝፋል አልልህም። ግን ንጹሕ ነው፣ ሙሉ ነው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ይሰማል። ለሚማር ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

የዳታው ሒሳብ ይኸውልህ። ጥሩ የሚባለው ኤምፒስሪ፣ ባለ 320 ኪሎቢቱ፣ በደቂቃ ወደ 2.4 ሜጋባይት ይፈጃል። ፍላክ፣ ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሚጨምቀው፣ በሲዲ ጥራት በደቂቃ 5 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ሙዚቃው ጸጥ ሲል ይቀንሳል፣ ሲጮህ ይጨምራል። አራቱ የብራምስ ሲምፎኒዎች አንድ ላይ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይሆናሉ። በኤምፒስሪ 400 ሜጋባይት ሳይሞላ ያልቃል፣ በፍላክ ወደ 800 ይጠጋል። ባለ 24 ቢት "ሃይ ሬዝ" የሚሉት ከዚያም እጥፍና ከእጥፍ በላይ ነው። እሱን እርሳው። በስልክና በተራ ማዳመጫ ለምትሰማ ሰው 320ው ይበቃል። ግን ነጻ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ከደረስክ ፍላኩንም አውርደህ አስቀምጥ። ከፍላክ ላይ ኤምፒስሪ ማውጣት ቀላል ነው። ከኤምፒስሪ ግን የጠፋው ድምፅ ተመልሶ አይመጣም።

ከየቱ ልጀምር ካልክ ከ3ኛው። ከአራቱ አጭሩ ነው፣ ዳታህም ይተርፋል። ደግሞ ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው በክላርኔት ነው። አስተማሪህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ቢሆን አይገርመኝም።

አይኤምኤስኤልፒ የሚባለውን የኖታ ድረ ገጽ መቼም ታውቀዋለህ፤ ሙዚቃ ተማሪ ሆኖ ኖታ ከዚያ ያላወረደ የለም። ሰው የሚረሳው ግን ከኖታው ጋር የቅጂ ክፍልም እንዳለው ነው። አባል ካልሆንክ 15 ሰከንድ ያስጠብቅሃል። ነጻ ነገር ነው፣ ጠብቅ። እዚያ ከምታገኛቸው አንዱ የፉልዳ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው፤ የአንዲት የጀርመን ከተማ ኦርኬስትራ ነው፣ መሪው ሲሞን ሺንድለር ይባላል። ዝነኞች አይደሉም። ቅጂዎቻቸውን ግን ማንም እንዲጠቀምባቸው ፈቅደዋል። የክላርኔቱን ኖታ አሳትመህ ቅጂውን እየሰማህ በጣትህ ተከተል።

"ቢቢሲ ቤትሆቨንን በነጻ ያድላል" የሚል ወሬም ከሰማህ ያረጀ ወሬ ነው። አንድ ጊዜ እውነት ነበር። በ2005 ቢቢሲ ዘጠኙንም ሲምፎኒዎች ለጥቂት ቀናት በነጻ ለቀቀ። የተጫወተው ቢቢሲ ፊልሃርሞኒክ፣ የመራው ጂያናንድሪያ ኖሴዳ ነው። ወደ 1.4 ሚሊዮን ጊዜ ወረደ። የሙዚቃ አሳታሚዎች ገበያችንን ሰበረብን ብለው ጮኹ። አሁን የለም።

"ጋሼ እንደምን አሉ? ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ በትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ይጫወታል። ዘንድሮ የድቮርዣክን 9ኛ እየተለማመዱ ነው። ቤት ውስጥ እንዲሰማው ልግዛለት ብዬ ብፈልግ አንዱ 12 ዶላር ይላል፣ ሌላው '100 ምርጥ ክላሲካል' ብሎ 99 ሳንቲም። ይህ ሁሉ ልዩነት ከምን መጣ? ርካሹን ብገዛ ምን ይቀርብኛል?"
— የቫዮሊኒስቱ እናት

እህቴ፣ የባንክ ካርድሽን ከማውጣትሽ በፊት የቤተ መጻሕፍት ካርድሽን አውጪ። ከሌለሽ ነገ ሄደሽ አውጪ፣ ነጻ ነው።

የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ብቻ የሚያውሱ ይመስለናል። ብዙዎቹ ግን ለአባሎቻቸው ፍሪጋል፣ ሁፕላ ወይም ናክሶስ ሚዩዚክ ላይብረሪ ለሚባሉት የሙዚቃ አገልግሎቶች ይከፍላሉ። የትኛው እንዳላቸው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሠራተኛ ጠይቂያት። ሁፕላና ናክሶስ ለማዳመጥ ናቸው፤ ፋይሉ ያንቺ አይሆንም። ፍሪጋል ይለያል። በሳምንት የተወሰነ ትራክ አውርደሽ ለዘለዓለም እንድታስቀሪ ይፈቅዳል። ብዛቱ እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት። እዚያ የሶኒ ክምችት አለ። ሶኒ ማለት የድሮዎቹ አሳታሚዎች ኮሎምቢያና አርሲኤ ማለት ነው፤ መሪዎቹ እነ ብሩኖ ዋልተር፣ እነ ፍሪትዝ ራይነር፣ እነ ጆርጅ ሴል፣ እነ ሊዮናርድ በርንስታይን። ራይነር ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር በ1957 የቀዳውን ድቮርዣክ 9ኛ ፈልጊ። የሴልና የክሊቭላንድ ኦርኬስትራም አለ። ሲምፎኒው አራት ክፍል ነው። ገደብሽ በሳምንት አምስት ከሆነ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ሦስት ከሆነ የመጨረሻውን ክፍል እስከሚቀጥለው ሳምንት ትጠብቂያለሽ።

አሁን ወደ 99 ሳንቲሙ። ርካሽ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ሥራው ራሱ በብልሃት ርካሽ የሆነ ነው። ናክሶስን ውሰጂ። ክላውስ ሃይማን የሚባል ጀርመናዊ ነጋዴ በ1987 ሆንግ ኮንግ ላይ ያቋቋመው ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። ስም ያላቸውን ኮከቦች ትቶ እነ ብራቲስላቫ፣ እነ ካቶቪትሴ ያሉ ጎበዝ ግን ዝና ያልነበራቸው ኦርኬስትራዎችን ቀጠረ። በቁርጥ ከፈላቸው፣ ሲዲውን በርካሽ ሸጠው። የተቀነሰው ዝናው ነው፣ ሙዚቃው አይደለም። የሆላንዱ ብሪሊያንት ክላሲክስም ሌላ መንገድ አለው፤ ሌሎች ያስቀዱትን በፈቃድ ገዝቶ በጅምላ ይሸጣል። አዳም ፊሸር የቀዳቸውን የሃይድን ሲምፎኒዎች በሙሉ፣ ከ100 በላይ ናቸው፣ በ33 ሲዲ አንድ ሳጥን ውስጥ ያወጣው እሱ ነው። የተቀዱትም ሃይድን ራሱ በሠራበት በአይዘንሽታት ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነው። እንዲህ ያለ ርካሽ ካገኘሽ ሳታቅማሚ ግዢ።

ሁለተኛው ርካሽ እነዚያ "100 ምርጥ"፣ "50 የሚያረጋጉ" የሚባሉት ናቸው። እነሱ ውስጥ ድቮርዣክን ታገኚዋለሽ፤ ግን የምታገኚው ሁለተኛውን ክፍል፣ ላርጎውን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። ሦስቱ ክፍሎች የሉም። ለልጅሽ ልምምድ ይህ ምኑም አይደለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የተጫዋቹ ስም ወይ የለም ወይ ቢኖርም አይታመንም።

አይታመንም ስል አላጋነንኩም። አልፍሬድ ሾልዝ የሚባል ኦስትሪያዊ ነጋዴ ነበር። የሬዲዮ ቴፖችንና የማይታወቁ ቅጂዎችን እየሰበሰበ በፈጠራ ስሞች ለርካሽ አሳታሚዎች ይሸጥ ነበር። ከስሞቹ ታዋቂው "አልቤርቶ ሊዚዮ" ነው። ኮንዳክተር አልቤርቶ ሊዚዮ የሚባል ሰው በምድር ላይ አልነበረም! ዛሬም በየዳውንሎድ መደብሩ የሞዛርትና የቤትሆቨን ሲምፎኒ ይመራል። አንዳንዱ ቅጂ መጥፎ አይደለም፣ የተጫወቱትም እውነተኛ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ማን እንደሆኑ ነው የማታውቂው። እኔ ሊዚዮን ሳይ እስቃለሁ፣ አልገዛም። ከመግዛትሽ በፊት የኦርኬስትራውን ስም ፈልጊ፣ የመሪውን ስም ፈልጊ፣ የተቀዳበትን ዓመት ፈልጊ። ሦስቱም ከሌሉ እለፊው።

ለልጅሽ ምን ትገዢለት? ቅርብሽ ያለውን። የባልቲሞር ሲምፎኒ በማሪን አልሶፕ መሪነት ይህንኑ ድቮርዣክ 9ኛ ለናክሶስ ቀድቷል። አልሶፕ ከ2007 እስከ 2021 የኦርኬስትራው መሪ ነበረች፤ በአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ታሪክ ይህን ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ኦርኬስትራው ደግሞ ኖርዝ ቤተዝዳ ባለው ስትራትሞር አዳራሽም ይጫወታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም። ልጁ ቤት በጆሮው የሰማቸውን ሰዎች አንድ ቀን በዓይኑ ሊያያቸው ይችላል።

አንድ የመደብር ብልሃት ልጨምርልሽ። አንዳንድ መደብር በትራክ ይሸጣል፤ ለአንድ ትራክ አንድ ዶላር አካባቢ። የአልሶፕ አልበም ላይ ከሲምፎኒው ሌላ የድቮርዣክ ሲምፎናዊ ቫሪዬሽኖችም አሉበት። ሲምፎኒውን ብቻ ከፈለግሽ አራቱን ትራክ መርጠሽ በአራት ዶላር ገደማ መውጣት ትችዪ ይሆናል። ግን መደብሮቹም ሞኝ አይደሉም። ረጃጅሞቹን ክፍሎች "ከነአልበሙ ብቻ" ብለው ይቆልፏቸዋል። አራቱም ክፍት መሆናቸውን ሳታረጋግጪ አንዱንም አትግዢ፤ አለበለዚያ ሦስት ክፍል ይዘሽ አራተኛውን ለማግኘት አልበሙን በሙሉ ትከፍያለሽ። በዚህ ጨዋታ ሁሌም የሚያተርፈው ሲቤሊየስን የሚወድ ሰው ነው። የሲቤሊየስ 7ኛ ሲምፎኒ ሙሉው አንድ ክፍል ነው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ካልቆለፉት በአንድ ዘፈን ዋጋ ሲምፎኒ ማለት ነው።

"ወንድሜ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ካዛንቺስ ነው ያለሁት። በወጣትነቴ አንድ ጓደኛዬ ቤት ኮንዳክተሩ ካራያን የመራቸው የቤትሆቨን ሸክላዎች በሳጥን ነበሩ። ሰምቼ አልጠገብኩም። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ነው፤ ሁለት መቶ ዓመቱ ደረሰ። ታዲያ እስከ ዛሬ የሚከፈለው ለማን ነው? የድሮ ቅጂ ነጻ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ነው?"
— መምህሩ፣ ካዛንቺስ

ጋሼ መምህር፣ ለቤትሆቨን አይደለም የሚከፍሉት። ድርሰቱ የማንም ነው። የሚከፈለው ለቅጂው ነው፤ ለተጫወቱት፣ ለቀዱትና ገንዘብ ላወጣው አሳታሚ። ቅጂው የራሱ ዕድሜ አለው፣ ዕድሜውም በየአገሩ ይለያያል። የኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኛው አቆጣጠር ነው) ለድምፅ ቅጂ አሳታሚ 50 ዓመት ይሰጠዋል። የሚሸጡት ድርጅቶች ግን የተቀመጡት አውሮፓና አሜሪካ ነው፤ የሚመሩትም በዚያ ሕግ ነው።

አውሮፓም ድሮ 50 ዓመት ነበረ። በ2011 ወደ 70 አሳደጉት፣ ሥራ ላይ እንዲውል የተቆረጠው ቀን ደግሞ ኖቬምበር 1 ቀን 2013 ነው። 50 ዓመቱ ቀድሞ ያለቀበት ቅጂ ነጻ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ መስመሩ የተሰመረው በ1962 ላይ ነው። እስከ 1962 የወጣ ነጻ፣ ከ1963 ጀምሮ የወጣ ገና የባለቤቱ።

አሁን ወደ እርስዎ ሳጥን ልመለስ። ካራያን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ያንን ስብስብ የቀዳው በ1961 እና በ1962 ነው። ለሽያጭ የወጣው ግን በ1963። በድሮው ሕግ ቢሆን በ2013 መጨረሻ ላይ ነጻ ይወጣ ነበር። አዲሱ ሕግ በሁለት ወር ቀደመው! እስከ 2033 መጨረሻ ድረስ ተያዘ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሳታሚው ዶይቸ ግራሞፎን ቤት ውስጥ ያን ሰሞን ምን ያህል ሻምፓኝ እንደተከፈተ እገምታለሁ።

አሜሪካ ሌላ ዓለም ነው። በ2018 በወጣው ሕግ ከ1923 እስከ 1946 የወጣ ቅጂ 100 ዓመት ይጠበቃል። ከ1957 እስከ 1972 መጀመሪያ ያለው እስከ 2067 ድረስ አይነካም። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በነጻ የሚሰራጭ ቅጂ አሜሪካ ውስጥ ላይሸጥ ይችላል። አርቱር ኒኪሽ በ1913 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳው 5ኛ ሲምፎኒ ግን ሁለቱም ዘንድ ነጻ ነው። ሸክላ በማይክሮፎን መቀዳት ሳይጀምር፣ በቀንድ መሰል መቀበያ በኩል የተቀዳ ነው። ለታሪክ አንድ ጊዜ ይስሙት፤ ለደስታ ግን አልመክርም።

ለደስታ እነዚህን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ፣ ኤሪክ ክላይበር ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ጋር በ1953 ለአሳታሚው ዴካ የቀዳው 5ኛ። ሞኖ ነው፤ ይሁንና ከካራያኑ ይልቅ እኔን ከወንበሬ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ዘጠኙንም በአንድ ሰው ከፈለጉ ደግሞ ሬኔ ላይቦዊትዝ አለ። በ1961 ለንደን ውስጥ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ጋር ቀዳቸው። ያስቀዳው ሪደርስ ዳይጀስት መጽሔት ነው፤ በፖስታ ለአንባቢዎቹ ይሸጠው ነበር። የመጽሔት ሸክላ ነው ብለው እንዳይንቁት። ድምፁን የቀዳው የዴካው ኬነት ዊልኪንሰን ነው፣ በዘመኑ ከሱ የሚበልጥ የኦርኬስትራ ድምፅ ቀጂ አልነበረም። አመራሩ ፈጣን ነው። ቤትሆቨን ራሱ በሜትሮኖም የጻፈውን ፍጥነት ለመከተል የሚሞክር ሰው በዚያን ዘመን ብርቅ ነበር።

ነጻ የሆነ ቅጂ ብዙ ሻጭ አለው። አንዱ ያጸዳዋል፣ ሌላው ከአሮጌ ሸክላ እንዳለ ገልብጦ ይሸጠዋል። ፈረንሳይ ያለው ፕሪስቲን ክላሲካል ሥራው ይኸው ነው፤ አንድሩ ሮዝ የሚባል ሰው የድሮ ቅጂዎችን እያደሰ በዳውንሎድ ይሸጣል። ከሁሉ ርካሹ አይደለም። ግን ናሙና አስቀድሞ ያሰማል፣ ከየት እንዳመጣውና ምን እንዳደረገው ይጽፋል። እኔ ማን እንዳጸዳው ለተጻፈበት ጥቂት ዶላር ብጨምር አይቆጨኝም።

ካራያኑን ግን ይግዙት። የእንግሊዙ ፕረስቶ ሚዩዚክና የፈረንሳዩ ኮበዝ በፋይል ይሸጣሉ። ሁለቱም አሳታሚዎችን እየለዋወጡ ቅናሽ ያወጣሉ። አይቸኩሉ፤ የሚፈልጉትን አስመዝግበው ቅናሹን ይጠብቁ። ዘጠኙንም በአንድ ላይ መግዛት አንድ በአንድ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ከመክፈልዎ በፊት ግን ለእርስዎ አገር የሚሸጥ መሆኑን ይዩ። ሁሉም አልበም ለሁሉም አገር አይሸጥም፤ ውጭ ያለ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ካለ በሱ በኩል ይቀላል።

"ጋሼ፣ ዩቲዩብ እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ገልብጦ ማውረድ ነው እኮ።"
— ቸኳዩ፣ ጎንደር

ፈቃድ የለህም፣ አንደኛ ነገር። ሁለተኛ፣ ዩቲዩብ ድምፁን አንድ ጊዜ ጨምቆታል፤ መገልበጫው ወደ ኤምፒስሪ ሲለውጠው ሁለተኛ ይጨመቃል። መገልበጫው ላይ "320" የሚለው ቁጥር የፋይሉን መጠን ያሳድጋል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም። ደግሞ ርዕሱ ላይ የተጻፈው መሪና ኦርኬስትራ ስንት ጊዜ ሐሰት ሆኖ እንዳገኘሁት!

ለመምረጥ ግን ዩቲዩብን የሚያህል የለም። የፍራንክፈርት ሬዲዮ ሲምፎኒ ኮንሰርቶቹን ሙሉ በሙሉ፣ በራሱ ቻናል፣ በጥሩ ድምፅ ያወጣል። እዚያ ስማ። የወደድከውን ሲምፎኒ ለይ። ከዚያ ግዛ።

"አዳማ ነኝ። እህቴ ቶሮንቶ አለች፣ 'የምትፈልገውን ሙዚቃ ንገረኝና ልግዛልህ' ትለኛለች። እሷ ገዝታ ለእኔ እንዴት ይደርሰኛል?"
— ታናሽ ወንድም

በጣም የሚቀለው ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ነው። እሷ ስትገዛ "በስጦታ ላክ" የሚል ምርጫ አለ፤ የአንተን ኢሜይል ታስገባለች፣ ሊንኩ ይመጣልሃል። አንዴ ከተገዛ ኤምፒስሪም ፍላክም ምረጥ ይልሃል። መጀመሪያ ትንሹን አውርድ፣ ዋይፋይ ስታገኝ ትልቁን። አንዳንድ አልበም ላይ ዋጋውን ገዢው ራሱ ይወስናል። ለሙከራ ከሲምፎኒ ወጣ ብላችሁ የፒያኒስቱን የግርማ ይፍራሸዋን ሥራ ግዙ፤ እዚያ አለ።

እንደነ ካራያን ያሉት ትልልቅ ስሞች ግን ባንድካምፕ ላይ የሉም። ለእነሱ እህትህ ቶሮንቶ ሆና ከሌላ መደብር ገዝታ ታውርድ። አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኝ በፍላሽ ትላክልህ። ስትገዛ ግን የምትፈልገውን በትክክል ጻፍላት። "የቤትሆቨን 7ኛ" ብለህ ብቻ ከላክህላት፣ አልቤርቶ ሊዚዮን ይዘህ ትቀራለህ።

"ዱባይ ነው የምሠራው። የቤትሆቨንን 5ኛ በኤምፒስሪ ገዛሁ። 3ኛው ክፍል አልቆ 4ኛው ሲገባ መሐል ላይ ድምፁ ቆርጦ ጸጥ ይላል። ዩቲዩብ ላይ ግን ሳይቋረጥ ነው የሚሄደው። ቆርጠው ነው እንዴ የሸጡልኝ?"
— ተጠራጣሪው

አልቆረጡብህም። ጆሮህ ጥሩ ነው።

ቤትሆቨን 3ኛውንና 4ኛውን ክፍል ያለ ዕረፍት ነው ያያያዛቸው። ከበሮው በዝግታ ሲመታ ይቆያል፣ ቫዮሊኖቹ ከላይ ይጨምራሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይፈነዳል። ሲምፎኒው የተጻፈው ለዚያች ቦታ ነው ብል አላጋነንኩም። ፋይል ሲሆን ግን ሁለት ትራክ ተደርጎ ይቆረጣል። ኤምፒስሪ ደግሞ ድምፁን በእኩል ቁራጭ እየለካ ነው የሚጨምቀው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ቁራጩ ካልሞላ በባዶ ይሞላዋል። ጥሩ ማጫወቻ ያንን ባዶ ያውቀዋል፣ ይዘልለዋል። ተራው አያውቀውም፤ ከበሮው መሐል ላይ ትንፋሽ ያስገባብሃል።

6ኛው ሲምፎኒ ላይ ይብሳል፤ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ክፍል ድረስ የተያያዘ ነው። የሹማን 4ኛ፣ የሜንደልሶን 3ኛ፣ የሲቤሊየስ 2ኛም እንደዚሁ።

መፍትሔው ያለ ክፍተት የሚያጫውት ፕሮግራም ነው። ፉባር 2000 ነጻ ነው፤ ለኮምፒውተርም ለስልክም አለ። የነበረህን ማጫወቻ መቀየር ካልፈለግህ ሴቲንጉ ውስጥ "ጋፕለስ" የሚል ካለ አብራው። "ክሮስፌድ" የሚለውን ግን ዜሮ አድርገው፤ እሱ አንዱን ክፍል በሌላው ላይ ያደርበዋል። ሻፍልም ይጥፋ። ክፍሎቹ በተራ ቁጥራቸው መደርደራቸውንም እይ፤ በፊደል ተራ ከተደረደሩ ፍጻሜው መጀመሪያ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከቆረጠ የስልክህን ዓይነትና የማጫወቻውን ስም ጻፍልኝ።